በፎገራ ሜዳ የሁለት ወቅት ጎርፍ እና የቤተሰብ ዝግጅት

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻውን ጉዟቸውን የሚያደርጉት በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ ሐይቁ በ1,786 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት በፍጥነት ወርዶ ወረታ አካባቢ ሲደርስ ለጥ ያለ ሜዳ ያገኛል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውንም ደለል በወንዙ ወለል ላይ ያራግፋል። የወንዞቹ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ፣ ውሃ የመያዝ አቅማቸውም እየቀነሰ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በአካባቢው “ጎርፍ” በሚል አንድ ስም የሚጠራው አደጋ በእርግጥ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ የሚከሰተው ነው። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፤ ወረታ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ፋርጣ ላይ የዘነበው ዝናብ ሊያመጣው ስለሚችል፣ የራስን ሰማይ ብቻ አይቶ መዘናጋት አይገባም። ሁለተኛው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ሐይቁ ራሱ ወደ ከፍተኛው ልኩ ስለሚቃረብ የወንዞቹን ውሃ እንደ ወትሮው አይቀበልም፤ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና በሐይቁ ዳርቻ ባሉት እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች ላይ ይተኛል። አመጣጡ ዝግ ያለ ቢሆንም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ዝናቡ ቀንሷልና ክረምቱ በሰላም አለፈ ተብሎ በሚታሰብበት ወቅት መምጣቱ ደግሞ ብዙዎችን ያታልላል።

የሁለቱን ልዩነት የ1998 ዓ.ም. ክረምት በሚገባ ያሳያል። በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ላይ ሌሊት የደረሰው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በጣና ዙሪያ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ የደረሰው ጎርፍ ግን ሜዳውን ሸፍኖ በመቆየት ሕዝብ አፈናቀለ፤ ሰብልና የግጦሽ መሬትም አጠፋ። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም እነዚሁ ወረዳዎች ዳግም ተጥለቅልቀዋል።

በመካከሉ የተሠራው የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ከላይ የሚመጣውን ሙላት ያለዝባል። ሆኖም “ግድብ ከተሠራ ወዲህ ምን ስጋት አለ?” የሚለው አነጋገር ተገቢ አይደለም። ግድቡ የጉማራን ውሃ አይዝም፤ ከግድቡ በታች ወደ ርብ የሚገቡ ጅረቶችንም አይቆጣጠርም፤ የሐይቁን ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ጭራሽ አይመለከተውም።

ነዋሪው ሜዳውን ለምን አይለቅም ለሚለው ጥያቄ መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው። ጎርፍ የሚያመጣው ደለል መሬቱን ያለማል። ቀድሞ ረግረግ ይባል የነበረው መሬት ዛሬ ሩዝ ይታረስበታል፤ የሀገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። ሩዝ እየሰፋ በሄደ መጠን ግን ጎጆውም፣ ጎተራውም፣ ከብቱም ወደ ውሃው ተጠግቷል። ስለዚህ ተጨባጩ ጉዳይ ከውሃው ጋር እየኖሩ ጉዳቱን መቀነስ ነው።

በዝግጅት ረገድ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የከብት ጉዳይ ነው። ከቤት ውጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ሲነገር አባወራው ወደ ኋላ የሚቀረው ባብዛኛው ከብቱን የሚያደርስበት ስለሚያጣ ነው፤ ሕይወትም ለአደጋ የሚጋለጠው በዚያች መዘግየት ነው። በመሆኑም ክረምቱ ሳይገባ ወደ ዓለም በር አቅጣጫ ባለው ከፍታ ከሚገኝ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋር ስለ ማሳደሪያና ስለ መኖ መስማማት፣ ከብቶቹንም አስቀድሞ ማስከተብ ያስፈልጋል።

ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ጎታ ሥሩ ከራሰ ይፈርሳል። እህሉን በጆንያ አድርጎ ቆጥ ላይ ማውጣት ወይም ጎታውን በድንጋይ ካብ ላይ ማስቀመጥ ይመረጣል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጤና መድን መታወቂያ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው ባንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ማን ይዟቸው እንደሚወጣም በቤተሰቡ ውስጥ ይወሰን። የይዞታ ደብተሩ ውሃ ቢያበላሸው እንኳ መረጃው በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ስለሚገኝ፣ ባለይዞታው ዳግም ለመጠየቅ እንዲያመቸው የደብተሩን ቁጥር ሌላ ቦታ ጽፎ ይያዝ።

የመውለጃዋ ጊዜ በነሐሴ ወይም በመስከረም የሚውል ነፍሰ ጡር መንገድ ሳይዘጋ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ብትገባ ይመረጣል። ይህ በቤተሰብ ምክክር አሁኑኑ የሚወሰን እንጂ ምጥ ሲመጣ የሚታሰብ አይደለም። ስልክ ሊቋረጥ ስለሚችል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ በቤት ይኑር፤ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያም በዚያ ሊደመጥ ይችላል።

ውሃው ሲሸሽ ሌላ አደጋ ይተካል። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ እስኪታከም ድረስ ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ማፍላት፣ ወይም ውሃ አጋርን በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ይገባል። የወባ ወቅትም የሚበረታው ከክረምት በኋላ ስለሆነ አጎበሩ ከእህሉ ጋር ቆጥ ላይ ይውጣ። የጓያና የሽምብራ ዘርም እንዲሁ፤ ሩዙ ከተጎዳ ገበሬው በቀሪው እርጥበት የሚዘራው እርሱን ነውና፣ ከምግብ እህል ተለይቶ በደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።