ከወታደር የወሰድነው ቁጣውን ብቻ ነው

የሶፍትዌር ቡድን የሚመሩ ሰዎች «እዚህ ቤት ወታደራዊ ዲሲፕሊን ያስፈልጋል» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ማለት የፈለጉት ትእዛዝና ቁጣ ነው። ከሠራዊት መማር ያለብን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተሸነፈ በኋላ እንዴት ቁጭ ብሎ እንደሚነጋገር።

የአሜሪካ ምድር ጦር ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ፎርት አየርዊን የሚባል ማሠልጠኛ አለው። የጦር ክፍሎች እዚያ ሄደው ቦታውን አብጠርጥሮ ከሚያውቅ የልምምድ «ጠላት» ጋር ይገጥማሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሸነፋሉ። ውጊያው እንዳበቃ ውይይት ነው። ምን አቅደን ነበር? ምን ሆነ? ለምን? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው መመሪያ ይህ ውይይት ለማንም ማርክ መስጫ እንዳልሆነ ይናገራል። ተራው ወታደር «ትእዛዙ አልደረሰንም» ብሎ ለአዛዡ ፊት ለፊት መናገር ይችላል።

«ይሄማ ግምገማ ነው፣ እኛም አለን» የሚል አይጠፋም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ግምገማም የመጣው ከበረሃ ነው። የሕወሓት ታጋዮች ከውጊያ በኋላ ይገማገሙ ነበር፤ ከ1983 በኋላ ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ ቂም መወጫ፣ ከወንበር ማውረጃ። ዛሬ ሲስተም ወድቆ አለቃው «እንገማገም» ሲል፣ ያንን ዘመን በወሬ ብቻ የሚያውቀው ወጣት ፕሮግራመር እንኳ አፉን ይዘጋል። ጥፋተኛ ይገኛል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ሲስተሙ ግን እንደነበረ ነው።

ጊትላብ የተባለውን ኩባንያ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያቸው የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ ዋናውን ዳታቤዝ ማጥፋት ጀመረ። በሰከንዶች ውስጥ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ፣ ልጁ ሲባረር ያበቃ ነበር። እነሱ ግን ቆፈሩ። ከነበሯቸው 5 የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም በወጉ እንደማይሠራ ያወቁት ያኔ ነው። ባክአፑ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይል ራሱ ለማንም አይደርስም ነበር! ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተቀዳ ቅጂ ነው። ይህን ሁሉ ለደንበኞቻቸው በአደባባይ ጻፉ፤ የባለሙያውን ስም ግን አላወጡም። ሰውየው ቢባረር ኖሮ ስለዚያ ኢሜይል ማን ይነግራቸው ነበር?

ሆን ብሎ የሰረቀ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ፖሊስ አለ።

እንደ እኔ ቢሆን፣ ሲስተም በወደቀ ማግስት በሚደረገው ስብሰባ የሰው ኃይል ክፍል ድርሽ አይልም። ቃለ ጉባኤው ከሥራ አፈጻጸም ምዘናም ከቦነስም ጋር አይያያዝም። መጀመሪያ የሚናገረው አለቃው ነው፦ የቱን ውሳኔ እንዳዘገየ፣ ለየትኛው ፍተሻ ጊዜ እንደነፈገ። «ግምገማ» የሚለውን ስምም ቢቀይሩት አይከፋም።