ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ሰፈሩ ማን ጠየቀ?

«ከዚያ ከሚያፈስ ጭቃ ቤት ወጥተህ፣ ሽንት ቤቱም ኩሽናውም ውስጡ ያለ ቤት ገብተህ፣ ደግሞ ምን ጎደለኝ ትላለህ?» ከአዲስ አበባ መሀል ተነስቶ ወደ ዳር የተዛወረ ሰው ይህን ያልሰማ የለም። ኃላፊው በመድረክ ይለዋል። ጋዜጠኛው ቁልፍ በሚረከቡ ሰዎች ፊት ማይክ ደቅኖ ይለዋል። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ሳሎኑን ከላይ እስከ ታች እያየ ይለዋል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ መልስ የሚጠብቅበት የለም፤ አፍ ማስያዣ ነው። የምቃወመውም ይህንኑ ነው፤ ሰው በመኖሪያው መርካት አለመርካቱን በጣራና በግድግዳ ለክቶ የሰፈሩን ነገር እንደ ትርፍ ጉዳይ መተው። አስተሳሰቡ በወሬ ቢቀር ባልከፋ። ዛሬ ግን ስንትና ስንት ቤተሰብ የት እንደሚኖር የሚወሰነው በእሱ ነው።

አሮጌውን ቤት ላሞግስ አልተነሳሁም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እዚያው ረግቶ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በሚሰበሰበው ሳንቲም ቤት ማደስ የማይታሰብ ነው፤ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ደግሞ ፈቃድ ለማግኘት የሚያየው ፍዳ ሌላ ነው። እንጨቱ በሰበሰ፣ ጭቃው ተሸረሸረ፣ ቆርቆሮው ዛገ። በክረምት ከአልጋው በላይ ላስቲክ ወጥሮ፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅኖ ማደር፤ ለግቢው ሰው ሁሉ አንድ ሽንት ቤት፤ እሱም ሲሞላ መምጠጫ መኪና መግቢያ የማያገኝበት። በዚያ ያደገ ሰው «ሰፈራችን ገነት ነበር» የሚል ትዝታ ሲሰማ ይቆጣል፤ ሊቆጣም ይገባዋል። ሽንት ቤት ለመሄድ በሌሊት ባትሪ ይዛ ትወጣ የነበረች እናት የራሷን መጸዳጃ ስታገኝ የሚሰማትን እፎይታ ማንም ሊያቃልለው አይችልም።

ግን ያቺው እናት የምትኖረው ቤቷ ውስጥ ብቻ አይደለም።

አክስቴ ካዛንቺስ ነበረች። ቤቷ ሰፋ ቢባል አንድ አልጋና ሁለት ዱካ ቢይዝ ነው፤ በሩ ግን መተላለፊያ ላይ ነበር። ማለዳ ተነስታ እንጀራዋን ጋግራ መሶቡን በሩ ላይ ታስቀምጣለች። የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከዚያው ይወስዳሉ። ጤፍ ባጠራት ቀን ከወፍጮ ቤቱ በዱቤ ታመጣለች፤ ባለ ወፍጮው ስንት ዘመን ያውቃታል። ጉልበቷን ሲያማት የጎረቤት ልጅ ፋርማሲ ትሮጥላታለች። ወጣ ስትል ቁልፏን ፊት ለፊት ካሉት እናት ዘንድ ትተዋለች፤ የእሳቸውም ቁልፍ ብዙውን ጊዜ እሷ ዘንድ ነው። የቤቱ ሰነድ ላይ ግን የተጻፈው «አንድ ክፍል፣ የጭቃ፣ ኩሽና የጋራ» የሚል ነበር። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ የተተካላት በዚያ ሰነድ ላይ የሰፈረው ነው፤ እንዲያውም እጅግ ተሻሽሎ ተተካላት፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በሩ፣ መተላለፊያው፣ ዱቤው፣ የቁልፍ ጎረቤቷ በየትኛውም ቅጽ ላይ ስላልተጻፉ እንደሌሉ ተቆጠሩ።

አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። መብራት ሲኖር ትጋግራለች፤ ገዢ ግን የለም። ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት እንደሷው ከየሰፈሩ ተነቅሎ የመጣ፣ ገቢው የተናጋ፣ ራሱም ጋግሮ ልሽጥ የሚል ነው። ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ እንዳትሸጥ የብሎኩ ኮሚቴ ይከለክላታል። የድሮ ደንበኞቿ ዘንድ ለመድረስ ታክሲ ሁለት ጊዜ መቀየር አለባት፤ የእንጀራው ትርፍ ለመሳፈሪያ ያልቃል። ውሃ እስከ ላይ የሚደርሰው አንዳንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ ቀሪውን ቀን በጀሪካን ማስወጣት ነው፤ ለተሸካሚው ደግሞ በጀሪካን ይከፈላል። በቀድሞ ቤቷ የምትሠራና የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አሁን ልጆቿ የሚልኩላትን የምትጠብቅ ሴት ሆናለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ወጣት መጠይቅ ይዞ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። «እማማ፣ በቤቱ ስፋት ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ አምስት ምርጫ አነበበላት። «ረክቻለሁ የኔ ልጅ፣ ተመስገን» አለችው። በመጸዳጃውስ? ረክቻለሁ። በብርሃኑስ? ረክቻለሁ። በጎረቤቶችስ? «ደጎች ናቸው፣ ምን አለኝ» አለች። ልጁ ምልክቱን አድርጎ፣ አመስግኖ ወጣ። «ምነው የእንጀራውን ነገር፣ የውሃውን ነገር አልነገርሽው?» ስላት «ቤት ሰጥተውኝ አማራሪ ልባል? ደግሞስ ማን እንደላከው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

ይህ መልስ ውሸት አይደለም። ቤቱን ወዳዋለች፤ ግድግዳውን በእጇ ስትወለውል አይቻታለሁ። ችግሩ ያለው ከእሷ ዘንድ ሳይሆን ጥያቄውን ካዘጋጁት ዘንድ ነው። ስለ ስፋት፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ብርሃን ተጠየቀች፤ ስለ ስፋት፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ብርሃን መለሰች። መተዳደሪያዋን ማንም አልጠየቃት። በሌሊት ቢያማት ማንን እንደምትጠራ ማንም አልጠየቃት። ከዚያም መልሷ ከሌሎች መቶዎች መልስ ጋር ተደምሮ «አብዛኛው ነዋሪ ረክቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለሚቀጥለው ሰፈር መነሣት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በየዩኒቨርሲቲው ስለ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እርካታ የሚጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ላገላበጠ ሰው ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም፤ ስለ ክፍሎቹ ገጽ በገጽ ተሞልቶ፣ ስለ ሰፈሩ በመጨረሻ አንድ ሁለት ጥያቄ ጣል ይደረጋል።

አማርትያ ሴን ይህን ጉዳይ ደጋግሞ ሞግቶበታል። ለረጅም ዘመን የተቸገረ ሰው ምኞቱን ሊደርስበት በሚችለው ልክ እያሳጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ «ደስ ብሎኛል» ማለቱ ብቻውን ኑሮው ደህና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም ይጨመርበታል፤ የተሰጠን ነገር ማማረር ነውር ነው፣ መታወቂያ አንጠልጥሎ ለመጣ እንግዳ ጓዳን መግለጥም አልተለመደም። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጠያቂ የለም። እያወቁ በአምስት ሣጥን ምልክት ብቻ መደምደም የሙያ ስንፍና ነው።

ነገሩ በእኛ የተጀመረ ቢሆን እንኳ ይቅር በተባለ። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከምሥራቅ ለንደኑ ቤትናል ግሪን ወጥተው ከተማው ዳር በተሠራ አዲስ መንደር የሰፈሩ ሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ መርምረዋል። አዲሱ ቤት ከአሮጌው በብዙ ይሻላል፤ ሰዎቹም ይህን አልካዱም። ግን እናቷ ቤት በቀን ሁለት ሦስቴ ትገባ የነበረች ሴት አሁን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ትውላለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። በአፍሪካ ምድርም ሌጎስ አለች። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌጎስ መሀል ከተማ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሱሩሌሬ ተዛወሩ። ፒተር ማሪስ እነዚህን ሰዎች ተከታትሎ በ1961 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣ። በአዲሱ ሰፈር ነጋዴዎቹ ደንበኛ አጡ፣ መጓጓዣና ኪራይ ገቢያቸውን በላው፣ ተደጋግፎ ይኖር የነበረው ዘመድ አዝማድ ተበታተነ። ከስድሳ ዓመት በፊት የታተመ ነገር ነው። የአክስቴን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ የትናንት ነው የሚመስለው።

የሚገርመው፣ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙን በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀረጹት ሰዎች ይህን ጨርሶ አልዘነጉትም ነበር። በየሳይቱ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል፤ እንጀራ ሊጋገርበት፣ ልብስ ሊታጠብበት፣ በግ ሊታረድበት፣ ለቅሶ ሊቀመጡበት። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ እንደማይታረድ፣ ሃምሳ ለቀስተኛ ስቱዲዮ ቤት ውስጥ እንደማይገባ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያ ቤት ዛሬ በብዙ ሳይት ሱቅ ነው፣ መጋዘን ነው፣ ወይም ቢሮ ነው። የተከራየው «ለብሎኩ ገቢ» እየተባለ ነው። በዚህም ሳቢያ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ይጣላል፣ በጉ ደረጃው ሥር ይታረዳል፣ ሬሳም በጠባቡ ደረጃ ማጠፊያ ላይ እየተዘነበለ ይወርዳል። ይህንን ያየ ልጅ ወይም ሚስት ምን እንደሚሰማቸው በየትኛው ሣጥን ላይ ምልክት ይደረግ?

ለቅሶን ካነሳን ዘንዳ፣ ብዙ ተነሺዎች ዛሬም ለአሮጌው ሰፈር እድር ይከፍላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለዓመታት ያዋጡበት፣ ስንቱን የሸኙበት ነው። ግን እድሩ ራሱ ተበትኗል። ዕጣው አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን ወደ ደቡብ ልኮታል፤ ጡሩንባ ነፊው የሚዞርበት መንገድ የለም፤ መርዶው በስልክ ይመጣል። ቀብር ላይ ይገናኛሉ። ለቅሶ ቤት ማደሩ፣ ቡናውን ማፍላቱ፣ ሐዘንተኛዋን በሰባተኛው በስምንተኛው ቀን ጎራ ብሎ ማየቱ ግን ቀርቷል፤ በማታ ታክሲ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ማን ይመላለሳል?

«ማኅበራዊ ኑሮ በጊዜ ይመጣል፤ የጀሞን ኮንዶሚኒየም አታይም?» የሚሉኝ አሉ። አይቻለሁ። ጀሞ ዛሬ ሞቅ ያለ ሰፈር ነው፤ ገበያ አለው፣ እድር አለው፣ ልጆቹ አብረው አድገዋል። ክርክሩን የማከብረውም ለዚህ ነው። ግን ጀሞን ሰፈር ያደረገው ማን ነው? ጉሊት የዘረጉት ሴቶች፣ ምድር ቤቱን ሱቅ ያደረጉ ሰዎች፣ በራሳቸው ተጠራርተው እድር ያቋቋሙ ጎረቤቶች ናቸው። ደንብ አስከባሪ ጉሊታቸውን እያነሳባቸው፣ ኮሚቴ እየከለከላቸው ነው ያደረጉት። ደግሞም ጊዜ ይፈታዋል የሚባለው ጊዜ ላለው ሰው ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አሥር ዓመት ጠብቆ ሰፈር ሊያገኝ ይችላል። የሰባ ዓመት ሰው የመጨረሻ ዘመኑን ማንንም ሳያውቅ እንዲጨርስ ነው የተፈረደበት።

ሌላው ጨርሶ የማይጠየቀው ሰው ተከራዩ ነው። በ20/80 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ቤት የደረሰው ሰው የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ይከራያል፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ነው። ለእሱ ሰፈር ማለት አከራዩ እስከሚደውልበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የኪራይ ጭማሪን ገደብ ውስጥ ያስገባው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በዚህ ረገድ መልካም ጅምር ነው፤ ነገ ልውጣ አልውጣ የማያውቅ ሰው እድር አይገባም፣ ልጁንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሊያስተሳስር ይከብደዋል።

እንግዲህ ሰፈር ማንሳት አይቀሬ ነው ከተባለ፣ አነሳሱ ይለወጥ። ከመፍረሱ በፊት የሚመዘገበው የክፍል ብዛት ብቻ አይሁን፤ ሰውየው በምን እንደሚተዳደር፣ በሩ ላይ ምን እንደሚሸጥ፣ የየትኛው እድር አባል እንደሆነ፣ ማን እንደሚጦረው ይመዝገብ። በሯ ላይ ሸጣ የምታድር ሴትና ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሽማግሌ ዕጣ ውስጥ ሳይገቡ ምድር ቤት ይሰጣቸው። የጋራ መገልገያ ቤቶቹ ከተከራዮች ተነጥቀው ለታሰቡለት ሥራ ይመለሱ። የእርካታ ጥናት የሚያጠናም ሰው በገቡ ማግስት ጠይቆ አይሂድ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይምጣ፣ ቤቱን አከራይተው ወይም ሸጠው የሄዱትንም ባሉበት ፈልጎ ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ግን ዕጣው በሰው ስም መውጣቱ ይቅር። የእድሮቹ ዳኞች ሰፈሩ ከመነሳቱ ከወራት በፊት ይጠሩ፣ የአባሎቻቸውን ዝርዝር ይስጡ፣ ዕጣውም በእድር ይውጣ፤ አብረው የነበሩ አንድ ብሎክ ወይም ጎን ለጎን ብሎኮች ይድረሳቸው። ባዶ ብሎክ ለመሙላት የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ያው ነው፤ የሚለወጠው ዝርዝሩ የሚዘጋጅበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው።