«ና»ን የቆረጠ ስብከት

ወጣት ወገኖቼ ሆይ፣ በመድረኮቻችን ላይ ዝም ሊባል የማይገባው አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ሰባኪው መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ አንድ ቁጥር ያነባል። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ቃል በግሪኩ…» ይላል። ጉባኤው ጆሮውን ያቆማል። የሚጠራው ቃል ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ ዱናሚስ፣ አጋፔ፣ ሬማ፣ ካይሮስ። ጋር፣ ዴ፣ ኡን፣ ሆቲ፣ ሜ የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ግን ማንም አያነሣቸውም። አሜን አያስብሉም፤ ለመዝሙር ርእስም አይሆኑም።

የሐዋርያውን ሐሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከሙት ግን እነዚሁ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ አበው፣ ጳውሎስ ሙግቱን የሚያስረው በእነዚህ ቀጫጭን ክሮች ነው። ክሩን በጥሰን ትልልቁን ቃል ብቻ ስናነሣ፣ የምንሰብከው የእርሱን ሐሳብ ሳይሆን የራሳችንን ነው። ክርክሬ ይህ ነው፤ ከቃሉ ላስረዳ።

ከታዋቂው እንጀምር። በሮሜ 1፥16 ላይ ወንጌል የእግዚአብሔር ኃይል ተብሏል። «ኃይል» በግሪኩ ዱናሚስ ነው። «ዱናሚስ ማለት ድማሚት ነው! ተራራ ይንዳል! ዓለት ይፈነቅላል!» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ድማሚትን የፈለሰፈው ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ሲሆን ስሙን ከግሪኩ ወስዶ ያወጣለት በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። ጳውሎስ ደብዳቤውን ከጻፈ ከ1,800 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ጳውሎስ ስለ ድማሚት ሊያስብ አይችልም። ደግሞም ድማሚት ያፈርሳል፤ ጳውሎስ ግን ኃይሉ «ለማዳን» እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ ስሕተት ብቻውን ቢሆን ቀላል ነበር። የሚያሳዝነው ሰባኪው በድማሚቱ ሲደሰት ያለፋቸው ናቸው። ከቁጥር 16 እስከ 18 ባሉት ሦስት ቁጥሮች ውስጥ «ጋር» የምትባለው ትንሽ ቃል አራት ጊዜ ተጽፋለች። አነባበቧ ከእኛው «ከእኔ ጋር» ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሟ ሌላ ነው። ምክንያት ትሰጣለች፤ ወይም በፊት የተባለውን ታብራራለች። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከ1,000 ጊዜ በላይ ትገኛለች። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አትሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ሆና ነው የምትገባው። ስለዚህ ለቸኮለ አንባቢ አትታይም።

በአማርኛ አቻዋን ብትጠይቁኝ፣ በግሱ መጨረሻ የምትለጠፈው «ና» ናት እላለሁ። «ዳቦና ሻይ» የምንልባትን አይደለም። «አልመጣም፤ አሞኛልና» ስንል ምክንያት የምትነግረንን ነው። የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቱና ሮሜ 1፥16-18ን ተመልከቱ፤ ግሶቹ እየተከታተሉ በ«ና» ሲያልቁ ታገኛላችሁ። ተርጓሚዎቹ ጋርን አልጣሏትም። እኛ ግን ስናነብ እንውጣታለን፤ ስንጠቅስ እንቆርጣታለን፤ ቲሸርት ላይ ስናሳትም «አላፍርም» ብለን በነጥብ እንዘጋለን። ሐዋርያው ግን ነጥብ አላደረገም፤ «አላፍርምና» ብሎ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አያይዞታል።

ሰንሰለቱን እንከተለው። በቁጥር 15 ላይ ጳውሎስ በሮም ላሉትም ወንጌልን ለመስበክ ፈቃደኛ መሆኑን ይገልጻል። ለምን? በወንጌል አያፍርምና። ለምን አያፍርም? ወንጌል ለሚያምን ሁሉ የሚያድን የእግዚአብሔር ኃይል ነውና። ኃይልነቱ በምን ታወቀ? የእግዚአብሔር ጽድቅ በእርሱ ይገለጣልና። ጽድቁ መገለጡ ለምን አስፈለገ? የእግዚአብሔር ቁጣ በሰው ዓመፅ ሁሉ ላይ ይገለጣልና። አራት ጥያቄ፣ አራት «ና»። እንግዲህ ኃይሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚነግረን ድማሚት ሳይሆን ጋር ናት። ኃጢአተኛውን ከቁጣ አውጥቶ የሚያጸድቅ ኃይል ነው። ክሮቹን ብትበጥሱ ግን «ኃይል» ባዶ ከረጢት ይሆናል፤ አንዱ ሥራ ማግኛ፣ ሌላው ቪዛ ማግኛ፣ ሌላው ጠላት መጣያ ይሞላበታል።

ለዚህ በሽታ የቁጥሮቻችን አቀማመጥም ረድቶታል። ጥንታዊዎቹ የግሪክ ጽሑፎች በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አልነበራቸውም፤ ሥርዓተ ነጥባቸውም እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል የመጣው ሮቤር ኤስቲየን የተባለው አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አንባቢ ሐሳቡ የት እንደሚዞር፣ የት እንደሚቀጥል፣ የት እንደሚደመደም የሚያውቀው በአብዛኛው በእነዚህ ትንንሽ ቃላት ነበር። የመንገድ ምልክቶቹ እነርሱ ነበሩ። ቁጥር ጥቅስን ፈልጎ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ሐሳብን ለመቁረጥ ግን አልተሠራም። እኛ ቁጥሩን እንደ ቢላዋ ተጠቀምንበት።

ቢላዋው የቆረጠውን ተመልከቱ። ሮሜ 8፥28ን በግድግዳችንና በስልካችን ላይ ሰቅለነዋል፤ እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ። ፈተና ሲወድቅብን፣ ሥራ ሲጠፋ፣ እጮኛ ሲለየን እርስ በርስ የምንጽናናበት ቃል ነው። ግን «በጎ» የተባለው ምንድን ነው? ፖስተሩ አይነግረንም፤ ቁጥር 28 ላይ ቆሟልና። ቁጥር 29 በግሪኩ የሚጀምረው «ሆቲ» በምትል ቃል ነው፤ «ምክንያቱም» እንደ ማለት ናት። ምክንያቱም እግዚአብሔር አስቀድሞ ያወቃቸውን ልጁን እንዲመስሉ ወስኗል። በጎው ይኸው ነው፤ ክርስቶስን መምሰል። የጠፋው ሥራ በተሻለ ደመወዝ ይተካል የሚል ተስፋ በዚያ ቦታ የለም። ሆቲን ቆርጠን የሰጠነው ወጣት ሥራው ሳይተካለት ሲቀር «ቃሉ ዋሸኝ» ብሎ ከኅብረት ይቀራል። ቃሉ አልዋሸውም፤ ግማሹን የሰጠነው እኛ ነን።

ሌላው ፊልጵስዩስ 2፥12 ነው። በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ መዳናችሁን ፈጽሙ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ሲሰበክ ከባድ ሸክም ነው። ጾምህን ቆጥር፣ ጸሎትሽን ቆጥሪ፣ ወድቀሃል፣ ወድቀሻል። ስንቱ ወጣት በዚህ ደክሞ ተቀምጧል! ነገር ግን ቁጥር 13 በጋር ታስሯል። መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነውና። ያቺ «ና» ከተሰማች ትእዛዙ በጸጋ ላይ ቆመ ማለት ነው። እርሱ በውስጥህ ስለሚሠራ ሥራ፤ እርሱ በውስጥሽ ስለሚሠራ ሥሪ። ያቺ «ና» ከተዋጠች ግን ያው ጥቅስ ሕግ ይሆናል። በወንጌልና በሕግ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ተንጠልጥሏል።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚነካ ጉዳይ ልግባ። ግሪክ ጥያቄ ሲጠይቅ የሚጠብቀውን መልስ አስቀድሞ ማሳወቅ ይችላል። በ«ኡ» ከጠየቀ «አዎን»ን ይጠብቃል፤ በ«ሜ» ከጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም»ን ይጠብቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሐዋርያ አይደለሁም እንዴ?» ያለ ሰው «ነህ እንጂ» እንዲሉት ይፈልጋል። «ሁሉም ሐዋርያ ነው እንዴ?» ያለ ሰው ግን «ኧረ በጭራሽ» እንዲባል ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዓይነት በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥1 ላይ አለ። ሁለተኛው በ12፥29-30 ላይ ሰባት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ስለ ሐዋርያነት፣ ስለ ነቢይነት፣ ስለ አስተማሪነት፣ ስለ ተአምራት፣ ስለ ፈውስ፣ በልሳን ስለ መናገር፣ ስለ መተርጎም። ሰባቱም በሜ ተጠይቀዋል። አራተኛው ላይ ደግሞ «ተአምራት» የተባለው ያው መድረክ የሚወደው ዱናሚስ ነው፤ በብዙ ቁጥር። ትልቁ ቃል ከትንሿ ቃል ጋር ተገናኘ፤ የጥያቄውን መልስ የወሰነችውም ትንሿ ናት።

ስለ ጸጋ ስጦታዎች በአብያተ ክርስቲያናት መካከል የተለያየ ትምህርት እንዳለ አውቃለሁ፤ ያንን ሁሉ በአንዲት ሜ ልፈታ አልሞክርም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ተነግሯል። በጉባኤ ውስጥ ስላሉት ስለ እነዚህ ስጦታዎች ጳውሎስ «ለሁሉም ተሰጥተዋልን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው መልስ «አልተሰጡም» ነው። ስለዚህ አንዱን ስጦታ መለኪያ አድርጎ ያልተሰጠውን ወጣት በኋላ ወንበር የሚያስቀምጥ አገልጋይ ከሐዋርያው ጋር እየተጣላ ነው። እግር እጅ ስላልሆነ የአካል ክፍል አይደለም አይባልም፤ ምዕራፉ የሚለው ይህንኑ ነው።

«ወንድሜ፣ እኛ ግሪክ አልተማርንም፤ የሚያስተምረን መንፈስ ቅዱስ ነው» የሚል ይኖራል። መልካም። ጳውሎስ ያችን ጋር ሲጽፍ የመራው መንፈስ ግን ያው መንፈስ ነው። ትልልቁን ቃል የእርሱ፣ ትንሿን የሰው አድርጎ የከፈለልን ማን ነው? ደግሞም የማቀርበው ጥሪ ግሪክ ትምህርት ቤት ግቡ የሚል አይደለም። «ና»፣ «እንግዲህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ዘንድ» በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። አዳዲስ ትርጉሞች ዓረፍተ ነገሩን ለማሳጠር አንዳንዶቹን «ምክንያቱም» ይሏቸዋል፤ አንዳንዴም ይተዋቸዋል። ስለዚህ ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ማንበብ ጥሩ ነው። የሚያስፈልገው እርሳስና ትዕግሥት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ከድማሚት ሸሽቶ ሌላ ድማሚት የሚሠራ አይጠፋም። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ሂና ማለት ሁልጊዜ ዓላማ ነው፤ ሆቲ ማለት ሁልጊዜ መንሥኤ ነው» ብሎ ትምህርት የሚተክል። ይህም ያው ስሕተት ነው፤ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ መንጠቅ። በዮሐንስ 9፥2 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁ ሂናን ተጠቅመዋል። ወላጆቹ ልጃቸው ዕውር እንዲሆን ዓላማ አድርገው ኃጢአት ሠሩ ማለታቸው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ውጤቱን ነው የሚናገሩት።

ሉቃስ 7፥47 ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። ጌታ በፈሪሳዊው ቤት እግሩን በእንባዋ ያራሰችው ሴት ብዙ ኃጢአቷ ተሰርዮላታል ሲል፣ እጅግ መውደዷን በሆቲ አያይዞ ይጠቅሳል። ታዲያ በፍቅሯ ይቅርታን ገዛች? ሆቲን ብቻዋን የያዘ «አዎን» ሊል ይችላል። ነገር ግን «ሌሊት ዘንቧል፤ መሬቱ ረጥቧልና» ስንል ርጥበቱ ዝናቡን አመጣ ማለታችን ነው? አይደለም፤ ርጥበቱ ማስረጃ ነው። ጌታም እዚያው ስለ ሁለት ባለ ዕዳዎች ተናግሯል፤ አንዱ 500 ሌላው 50 ዲናር ነበረበት፤ ለሁለቱም ተተወላቸው። ፍቅር የመጣው ዕዳው ከተተወ በኋላ ነው፤ ብዙ የተተወለት አብዝቶ ይወዳል። የሴቲቱ ፍቅር የተቀበለችው ይቅርታ ማስረጃ ነው። ይህን የፈታው ታሪኩ ሙሉ በሙሉ መነበቡ ነው፤ መዝገበ ቃላት ብቻውን አይፈታውም።

ስለዚህ የወጣቶች ኅብረት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችሁ ሮሜ 8ን ያዙ። ከቁጥር 1 እስከ 17 ድረስ ያሉትን ምክንያት የሚሰጡ «ና»ዎች በሙሉ በእርሳስ ክበቡ። ከእያንዳንዱ ክብ ወደሚያብራራው ሐሳብ መስመር ስቡ። ከዚያ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ «ና»ዎቹን ሳይውጥ። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ የተነገረው ኩነኔ የለም የሚለው አዋጅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሰባኪ ወንድሞችና እህቶችም፣ ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት በፊቱና በኋላው ያለውን ክር ፈልጉ። «እንግዲህ» ካለ ስለ ምን «እንግዲህ» እንዳለ ንገሩን። «ነገር ግን» ካለ ከምን እንደ ተመለሰ አሳዩን። «ና» ካለ ምክንያቱን አትንፈጉን። «በግሪኩ» ማለት የግድ ካማራችሁ ከትንንሾቹ ጀምሩ። ጉባኤው አሜን ላይል ይችላል። ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ግን የሐዋርያውን ሐሳብ ይሆናል፤ በመከራ ቀን የሚያቆመውም እርሱ ነውና።