«ሄድኩ» ወይስ «ሄጄ ነበር»?

 

ባለፈው ቅዳሜ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጄ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ። «እምዬ፣ ‹ትናንት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር› ለማለት ‹አይ ሃድ ጎን ቱ አዲስ አበባ የስተርደይ› ብዬ ብጽፍ መምህሩ ኤክስ አደረገብኝ። ‹ሄጄ ነበር› ማለት ‹ሃድ ጎን› አይደለም እንዴ?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ስሕተቱ ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛችን የመጣ ነው። እኛ «ትናንት መጣ»፣ «ትናንት መጥቷል»፣ «ትናንት መጥቶ ነበር» ብንል ሁሉም ያስኬዳል። ገና ከጓዳ ሳንወጣ እንኳ «መጣሁ!» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሰጠሁት።

አንደኛው «መቼ?» ነው። ትናንት፣ ባለፈው ዓመት፣ በ2010 ተብሎ ያለፈ ጊዜ ከተጠራ «አይ ዌንት ቱ አዲስ አበባ የስተርደይ» ይባላል። «ሃቭ ጎን» ከ«የስተርደይ» ጋር አይሄድም።

ሁለተኛው «አሁንስ?» ነው። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ፔን» ያለ ልጅ እስክሪብቶው አሁንም የለም። «አይ ሎስት ማይ ፔን የስተርደይ» ካለ ግን የነገረን የትናንቱን ነው፤ ዛሬ አግኝቶት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው «ከምን በፊት?» ነው። ከሁለት ያለፉ ነገሮች ቀድሞ የሆነው ነው «ሃድ»ን የሚወስደው። መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር ለማለት «ዌን አይ ሪችድ ዘ ስቴሽን፣ ዘ በስ ሃድ ሌፍት» እንላለን። የልጄ ልጅ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ጉዞው ብቻ እንጂ ከእሱ በኋላ የሆነ ነገር አልነበረም።

እነዚህን ጥያቄዎች የተማርኩት ከሰዋስው መጽሐፍ አይደለም፤ ከሕመምተኛ ካርድ ነው። ካርድ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጀማሪ ነርስ ሳለሁ ሳል የጸናባቸው አንድ አባት «ሲስተር፣ የሳንባውን መድኃኒት ወስጄ ነበር» አሉኝ። «ሃዝ ቴክን ቲቢ ድራግስ» ብዬ ጽፌ ወደ ሐኪሙ ላክኋቸው። ሐኪሙ ካርዱን ይዞ መጣና «መቼ? ስንት ወር? ጨርሰዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተመልሰን ብንጠይቃቸው ሁለት ወር ወስደው ሳሉ ሲተዋቸው መድኃኒቱንም ትተውት ኖሯል። «ነበር» ያሉኝ ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ሳልሰማው አለፍኩ። ዛሬ የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ያኔ ከዚያም ይረዝም ነበር። ካቋረጡት ተሐዋሲው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ጀምሮ ያቋረጠ ሰው እንደ አዲስ ሕመምተኛ አይታይም። ሐኪሙ ባይመለስ ኖሮ የእኔ አንድ መስመር ሰውየውን ትጎዳቸው ነበር።

ወላጆችና አያቶች፣ «እንግሊዝኛ አላውቅም» ብላችሁ ከልጁ ደብተር አትሽሹ። ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ አብዛኛውን ትምህርት የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከወዲሁ ማገዝ ይሻላል። «መቼ? አሁንስ? ከምን በፊት?» ብሎ ለመጠየቅ አማርኛ ይበቃል፤ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞረው ልጁ ነው። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ሳትጠየቁ መድኃኒቱን መቼ እንደጀመራችሁ፣ አሁንም እየወሰዳችሁ እንደሆነና መቼ እንዳቆማችሁ ተናገሩ።

የልጄ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን አርሞ «እምዬ፣ ጨረስኩ!» አለኝ። ባየው ገና ሦስት ጥያቄ ይቀረዋል። በአማርኛ ያስኬዳል ብዬ ሳቅሁ።