ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ሊፍት ሰልፍ አጫውቻችሁ ነበር። የዛሬው ጨዋታ ግን በገዛ እጄ ስለ ሠራሁት ጥፋት ነው።

ሙያዬን ታውቁታላችሁ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፊ ነኝ። ይህን የነገርሁት ሰው ሁሉ «እንግዲያው የስልኬ ቻርጅ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?» ሳይለኝ አያልፍም። ይህንንስ እኔም አላውቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ ለበሽተኞቹ ቀጠሯቸውን በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ቀኑን ከመዝገብ ማንሣት፥ ከስሙ ጋራ ማጣመር፥ በዋዜማው መላክ፤ በቃ። ዳሩ ግን ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ዐዋቂ ሰው ነበሩና «ለአንድ በሽተኛ ከአንድ መልእክት በላይ አልከፍልም» አሉኝ።

ተማሪዎች፥ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። አንድ የስልክ መልእክት የሚችለው ሸክም 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው በዚህ ውስጥ 160 ፊደል ያስገባል፤ ምነው ቢሉ እያንዳንዱ ፊደል የሚፈጀው 7 ቢት ብቻ ነው። በእኛ ፊደል የሚጽፍ ግን 70 ብቻ ይደርሰዋል፤ ሀም ሆነ ፐ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳልና። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር ይቈጠራል። ከ70 አንድ እንኳ ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሒሳቡም ሁለት ይሆናል። ፊደላችን በስልክ ላይ እንዲህ መደኽየቱ ያሳዝናል። እውነቱን ለመናገር ግን እኛ በአንድ ፊደል የምንጨርሰውን እነሱ በሁለት ስለሚጽፉት፥ ጉዳቱ ሲሰሙት የሚመስለውን ያህል አይከፋም።

እኔም መሸራረፍ ጀመርሁ። የክሊኒኩን ስም አሳጠርሁ፤ «እናስታውሳለን» የሚለውን ጣልሁ፤ በመጨረሻም «ጠዋት» የምትለዋን ቃል ሰረዝሁ። ከነባዶ ቦታዋ አራት ቦታ አተረፈችልኝ። መልእክቱ ልክ 70 ገባ፤ ደስ ብሎኝ ለባልንጀሮቼ ቡና ጋበዝሁ። ከስማቸውና ከክሊኒኩ ስልክ ቍጥር ሌላ የቀረው «እህል ሳይቀምሱ ነገ በ8:00 ይምጡ» የሚል ነበር። ስምንት ያልኩትም ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ ነው። አብዛኛው ኮምፒውተር ጊዜን የሚለካው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ማለት በፈረንጅ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቍጠር ነው፤ ንጋትና ምሽት የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፥ በስምንት ሰዓት ገደማ፥ ሌላ ሥራ ይዤ ወደ ክሊኒኩ ብሄድ አንዲት አሮጊት በመዝገብ ክፍሉ መስኮት ፊት ቆመው አየሁ። ስልካቸውን እንደ ምስክር ወረቀት ዘርግተው ይዘዋል።

«እማማ፥ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት ነበር፤ አለፈ» ትላቸዋለች ጸሐፊዋ።

«የምን ጠዋት! በስምንት ሰዓት ብላችሁ ጻፋችሁ፤ በስምንት ሰዓት መጣሁ!»

ከኮተቤ በሁለት ታክሲ ነው የመጡት። የስኳር በሽታ አለባቸው። በባዶ ሆድ ደም ይሰጣሉ ስለ ተባሉ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ መድኀኒታቸውን ግን እንደ ልማዳቸው ጠዋት ውጠዋል። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ላብ አጠመቃቸው፥ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፥ ስልኩም ወደቀ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ብትለካ ወርዷል። የስኳር ውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ቀለማቸው ተመለሰ። እኔ ስልኩን ከወለሉ አንሥቼ መልእክቱን አነበብሁት። የእኔው ሥራ ነው። ልክ 70።

ስሕተቱ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ሳይታወቅ ኖረ? የፈረንጆቹ የጠዋት 8፥ 9 እና 10 በእኛ አቈጣጠር ሲነበቡ የከሰዓት በኋላ የሥራ ሰዓት ሆነው ይገኛሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ታውቁታላችሁ፤ በስምንት ሰዓት የመጣ ባለጉዳይ ከምሳ ተመልሳችሁ ወንበራችሁ ላይ ያገኛችኋል። ታዲያ በስምንት ሰዓት ና የተባለ ሰው በምን ይጠራጠር? ወጣቶቹ በስልካቸው ላይ ከሚያዩት ሰዓት ጋራ አስተያይተው ጠዋት ይመጡ ነበር። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይመለሳሉ፤ የመዝገብ ክፍሉም «ቀጠሮ አላከበሩም» እያለ ይጽፍባቸው ነበር። ያን መዝገብ ገልጬ ሳይ ያፈርሁት እፍረት ይቅር።

ከንጋት ጀምሮ መቍጠራችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ትወጣልናለች፤ ስዋሂሊ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ይቈጥራሉ። ለለንደን ሰው ግን ንጋቱ በበጋና በክረምት በብዙ ሰዓት ስለሚለያይ አያስኬደውም።

በዚያው ማታ ፕሮግራሙን አረምሁት። አሁን «ጠዋት በ2 ሰዓት፥ በስልክዎ 8:00» ይላል። እርግጥ ነው፥ ከ70 አልፎ ሁለት መልእክት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን አይተው ተቈጡ። የመጀመሪያውን ወር ልዩነት ከክፍያዬ ይቀነስ አልኋቸው። ነርሷ ግን ከጎን ሆና አሮጊቷ የሆኑትን ነገረቻቸውና ዝም አሉ፤ አላስከፈሉኝም።

እማማ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ዘበኛው በሩን ሳይከፍት በአንድ ሰዓት ደርሰዋል፤ በዘንቢላቸው ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይዘዋል። ደማቸውን ከሰጡ በኋላ ዳቦውን ቈርሰው ለእኔም አካፈሉኝ። ጸሐፊዋ «የሚቀጥለው ቀጠሮዎ በሦስት ሰዓት ነው፥ እማማ» ስትላቸው፥ በጣታቸው እኔን እያመለከቱ፥

«በእኔ ሦስት ነው ወይስ በዚህ ልጅ ሦስት?» ብለው ጠየቋት።