ልጓሙ በማን እጅ ነው?

እሑድ ዕለት ወሰን ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ ቶናው ላይ ተጨቃጨቅን። የጀመረው ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ለዕረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። «ኦባማን ሁለቴ መርጬው ጉድ ሠራኝ!» አለ ስኒውን ቁጭ አድርጎ። ጉድ የሚለው ሰውዬው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እደግፋለሁ ማለቱን ነው።

«ሁለተኛውን የመረጥከው ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ አይደል?» አልኩት።

ዝም።

በዚያው የምርጫ ዕለት ሜሪላንድ ጋብቻውን ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ፣ 52 በመቶው ደግፎት አልፏል። የእኛ ሰው በአንድ ጊዜ ለጋብቻው «እምቢ»፣ ለኦባማ «እሺ» ብሎ ወጣ። እንዲህ ዓይነቱን መራጭ ማን ይፈራዋል?

ኦባማ የሚፈራው ሌላ መራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ለአንድ የቺካጎ ጋዜጣ መጠይቅ ጋብቻውን እደግፋለሁ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓስተር ሪክ ዋረን ፊት ተቀምጦ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው አለ። አማካሪው ዴቪድ አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መጽሐፍ ምክንያቱን አልደበቀም፤ የጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ተቃውሞ ነው። ኋላ ደግሞ ወጣቱና ገንዘብ አዋጪው በሌላ በኩል ሳቡት። ወላዋይ በሉት። እኔ ግን ልጓሙ መራጩ እጅ እንዳለ ነው የታየኝ፤ በዚህ እቀናለሁ።

እኛ ዘንድ ጋብቻው ቀርቶ ድርጊቱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ እጩን በዚህ የሚያፋጥጥ የለም። በ2006 ዓ.ም. ግን ድርጊቱን ይቅርታ የማያሰጥ ወንጀል ለማድረግ ሐሳብ ቀርቦ፣ ለሚያዝያ 18 ሰልፍም ተጠርቶ ነበር። መንግሥት ሁለቱንም ተዋቸው። ሐሳቡ መቅረቱ አልከፋኝም። የሚገርመኝ ተቆጥቶ የነበረው ሕዝብ ቁጣ የት እንደገባ ነው፤ በዓመቱ በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱን መቀመጫ ጠቅልለው ወሰዱ።

የአክስቴ ልጅ አልተሸነፈም። «እናንተስ በ2013 ዓ.ም. እዚህ ማንን መረጣችሁ?» ሲል ዞረብኝ።

ፓርቲውን ነገርኩት። «ሰውየውን!» አለኝ። እናቴን አየኋት፤ ጀበናዋን አየች። ጎረቤታችን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም፣ እኔን ጨምሮ። ውኃ ሐሙስ ሌሊት እንደሚመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢጫ ጀሪካኖቹ ከበሩ ሥር ተሰልፈዋል።