እንጨቱንስ ማን ተሸክሞ ያመጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ ራጉኤል ስንወጣ፣ አንደኛው የሚያነበውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይተርክልን ነበር። በዚያ አገር ረኃብ የለም፣ በሽታ የለም፣ ጌታና ሎሌ የለም። በዚህ መካከል የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከዳገቱ ሲወርዱ አገኙንና መንገድ ለቀቅንላቸው። ተራኪያችን እስኪያልፉ ዝም አለ፤ ካለፉ በኋላ ካቆመበት ቀጠለ።

«በዚያ አገር እንጨቱን ማን ያመጣል?» አልሁት።

«ማሽን ነዋ!»

«ማሽኑንስ ሲበላሽ?»

ሳቀብኝ። እኔ ግን ጥያቄዬን አልተውሁትም።

ውድ አንባቢዎች! ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ የመለሱት የራስላስ ታሪክ የሚጀምረው በእኛው አገር፣ በአምሐራ ነው። የደስታው ሸለቆ ምግቡም ዘፈኑም የተትረፈረፈ ነው። በሩ ግን የብረት ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ አዝማሪም ሆነ አገልጋይ አይወጣም። ከአገልጋዮቹ መካከል በመግባቱ የማያዝን አንድም እንደሌለ ለልዑሉ የሚነግረው ባለቅኔው ኢምላክ ነው፤ ያውም ልዑሉ ሲጠይቀው። የኛ ነገሥታት ዘመዶቻቸውን በግሼን አምባ ላይ ያስቀመጡት ለደስታቸው ሳይሆን ዙፋን እንዳይሹ ነበር። እንግሊዛዊው ገነት ያደረገው የእኛን ግዞት ነው።

ኤች ጂ ዌልስ በ1895 እ.ኤ.አ. በ«ዘ ታይም ማሽን» ይህንኑ ገልጦታል፤ በፀሐይ የሚጫወቱት ከላይ፣ የሚሠሩት ከምድር በታች። (በእንጦጦ ተገልብጧል፤ ሸክሙ ከላይ፣ ምድጃው ከታች ነው።) ሌሊት ሲሆን የታችኞቹ ወጥተው የላይኞቹን ይበላሉ። ብዙዎቹ ደራሲዎች ግን እዚህ ድረስ አይደፍሩም፤ ከተማውን ያሳዩንና ጓዳውን ይዘጉብናል።

እንጦጦ ራሱ ምስክር ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ሲያደርጉ ለመከላከል የተመቸ ነበር፤ ዳሩ ግን ብርዱ ጠና፣ ማገዶውም ራቀ። መናገሻው ወደ ፍልውኃው ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የማገዶ እጦት ከተማይቱን እንደ ገና ሊያስነሣት ነበር፤ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉን ግን ከተራራው እያወረደ ያመላለሰው የሰው ጀርባ ነው፤ ይህ በታሪክ መጻሕፍታችን በአንድ መስመር ይታለፋል።

በክርክር ማታችን ስለምትመጣው ኢትዮጵያ የሚነገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ተነግሯል፤ ሽንት ቤቱን ስለሚጠርገው ሰው ግን ከመድረኩ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ጓደኛዬ መጽሐፉን ለመጨረስ ሁለት ምዕራፍ ይቀሩታል። በውስጡ አንድ መጥረጊያ የያዘ ሰው ካገኘ ሊነግረኝ ቃል ገብቷል።